አስማሚውን ከማብዛትሽ በፊት፦ ናኖክሌይ ፖሊኢትሊን ውስጥ አልበተን ሲል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት ተመራማሪ ኤችዲፒኢ (ከፍተኛ ጥግግት ያለው) ፖሊኢትሊን ውስጥ 5 በመቶ ኦርጋኖክሌይ ጨምራለች። ክሌዩ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል፣ በስስ ንጣፎች የተደረደረ የሸክላ ማዕድን ነው፤ ሁለት ረጅም ጭራ ባለው የአሞኒየም ሰርፋክታንት (ገጹን ዘይታማ በሚያደርግ ሞለኪውል) ታክሟል። አስማሚ (ኮምፓቲብላይዘር፣ ክሌዩንና ፖሊመሩን የሚያግባባ) እንዲሆን ደግሞ ማሌይክ አንሃይድራይድ የተተከለበት ፖሊኢትሊን 5 በመቶ አስገብታለች። የማሌይክ መጠኑ 1 በመቶ ነው። ሁሉንም ባንድ ላይ ኢንተርናል ሚክሰር ውስጥ ጨምራ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ አዋህዳለች። ከዚያ በኤክስሬይ ዲፍራክሽን (በተለምዶ ኤክስአርዲ የምንለው፣ የንጣፎቹን ርቀት የሚያሳይ ልኬት) ስታየው 3.6 ዲግሪ ላይ የነበረው ጫፍ ወደ 2.8 ወርዷል፤ 6.2 ዲግሪ ላይ ግን ቀድሞ ያልነበረ ጉብታ ብቅ ብሏል። ናሙናው ቢጫ ሆኗል። ግትርነቱ የጨመረው ለምልክት ያህል ነው፤ እስኪበጠስ ድረስ የሚለጠጠው መጠን ደግሞ ክፉኛ ወርዷል። "አስማሚውን ወደ 20 በመቶ ላሳድገው ወይስ በኢቪኤ (የኢትሊንና የቪኒል አሲቴት ኮፖሊመር) ልተካው?" ትላለች።

እህቴ፣ ሁለቱንም ገና አታድርጊ። የላክሻቸው ቁጥሮች ራሳቸው ብዙ ይናገራሉ። አስማሚሽ አንሷል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከማነሱ በላይ የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር አለ። ሙቀቱ ሰርፋክታንቱን እየፈጀብሽ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ መጨመርሽ ደግሞ አስማሚው ክሌዩን ሳያገኘው ፖሊኢትሊኑ ውስጥ ሟሙቶ እንዲቀር አድርጎታል። እነዚህ ሳይስተካከሉ አስማሚውን 20 በመቶ ብታደርሽው የምታገኚው ለስለስ ያለ ፖሊኢትሊን ነው። ክሌዩ እዚያው ተከምሮ ይቀመጣል።

ከመሠረቱ ልጀምር፤ ምክንያቱ ካልገባ ምክሩ አይያዝም።

አንድ የሞንትሞሪሎናይት ንጣፍ ውፍረቱ 1 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስፋቱ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለብቻው ሲቆም በጣም ሰፊና በጣም ስስ ነው፤ ጥቅሙም የሚመጣው ከዚህ ስፋት ለውፍረት ንጽጽር ነው። ችግሩ ለብቻው አይቆምም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ዱቄት በማይክሮን የሚለካ ቅንጣት ነው። 8 ማይክሮን ውፍረት ያላት አንዲት ቅንጣት፣ በ2.4 ናኖሜትር ልዩነት በተደረደሩ ንጣፎች የተሞላች ብትሆን፣ ከ3000 በላይ ንጣፍ ተሸክማለች ማለት ነው። እኛ እነዚህን ሁሉ እንዲለያዩ ነው የምንጠይቀው።

ናይለን ላይ ይህ ተሳክቷል። የቶዮታ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ ናይለን 6ን ከክሌይ ጋር አዋህደው ዓለምን ያስደነቁት የናይለን ሰንሰለት ራሱ ዋልታዊ (ፖላር) ስለሆነ ነው። ከክሌዩ ገጽ ጋር የሚይዝበት እጅ አለው። ፖሊኢትሊን ግን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው፤ ክሌዩን የሚይዝበት ምንም ነገር የለውም። ሰርፋክታንቱ የክሌዩን ገጽ ዘይታማ ቢያደርገውም ያ ብቻውን አይበቃም። ፖሊኢትሊን ወደ ክፍተቱ ልግባ ቢል የሚያገኘው ትርፍ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ ሰንሰለቱ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ነጻነቱን ያጣል። ስለዚህ አይገባም። የፈለግሽውን ያህል ብታዋህጂው የሚሆነው ትልልቁ ቅንጣት ወደ ትንንሽ ቅንጣት መሰባበር ብቻ ነው።

አስማሚው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማሌይክ አንሃይድራይድ ወይም በእርጥበት ተከፍቶ የሚፈጠረው አሲድ ከክሌዩ ገጽ ኦክስጅኖችና ከጠርዙ ሃይድሮክሲሎች ጋር ይያያዛል። የተቀረው ረጅም ሰንሰለት ፖሊኢትሊን ስለሆነ ከዋናው ፖሊመር ጋር ይግባባል። ልብ በይ፣ ሥራው ሁለት ነው፦ ክሌዩን መያዝ፣ ከፖሊኢትሊኑም አለመለየት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስብና ማሌይኩ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ማሌይኩ ከልክ ሲያልፍ አስማሚው ራሱ ከፖሊኢትሊኑ መለየት ይጀምራል። ክሌዩን ይዞ ለብቻው ጠብታ ይሠራል። በኤክስአርዲ ሲታይ በጣም ያማረ ውጤት ይመስላል፤ ክፍተቱ ሰፍቷላ! በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ክሌዩ ደሴት ደሴት ሠርቶ ተቀምጧል። በገበያ ያሉት አብዛኞቹ የፖሊኢትሊን አስማሚዎች ከ0.5 እስከ 1 በመቶ አካባቢ ማሌይክ የያዙ ናቸው፤ ያንቺም እዚያው ክልል ውስጥ ነው። እሱን አትንኪው።

አሁን ወደ 6.2ቷ ጉብታ እንምጣ። ለእኔ ከጥያቄሽ ሁሉ ዋናዋ እሷ ናት።

የመዳብ ኤክስሬይ እንደተጠቀምሽ ገምቼ ላስላው። 3.6 ዲግሪ ማለት ንጣፎቹ ከመሃል እስከ መሃል 2.45 ናኖሜትር ይራራቃሉ ማለት ነው፤ ሁለት ጭራ ላለው ኦርጋኖክሌይ የሚጠበቅ ነው። 2.8 ዲግሪ ሲሆን ርቀቱ 3.15 ናኖሜትር ሆነ። ስለዚህ አስማሚው በከፊል ገብቷል። ይህ ደስ ይላል። 6.2 ዲግሪ ግን 1.42 ናኖሜትር ነው። አንድ ሰው "ይቺ የ2.8ቱ ሁለተኛ ደረጃ ነጸብራቅ ናት፣ አትጨነቂ" ሊልሽ ይችላል። መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ግን ሁለተኛው ደረጃ ቢሆን መታየት የነበረበት እጥፉ ላይ፣ 5.6 ዲግሪ አካባቢ ነው። 6.2 ከዚያ ይርቃል። ስለዚህ ይቺ ጉብታ ሌላ የክሌይ ክፍል ናት፤ ክፍተቱ ሰፍቶ ሳይሆን ጠቦ፣ ወደ 1.4 ናኖሜትር ወድቆ የተቀመጠ። በሌላ አነጋገር ከክሌይሽ የተወሰነው ሰርፋክታንቱን አጥቶ ተደፍኗል።

ይህ ለምን ይሆናል? የአሞኒየም ሰርፋክታንት ሙቀት አይችልም። ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ክልል መበስበስ ይጀምራል። ሆፍማን ኤሊሚኔሽን የሚባለው ሂደት ነው፦ ጭራው እንደ ኦሌፊን ተነጥሎ ይሄዳል፣ አሚን ይወጣል፣ ክሌዩ ገጽ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን አየን ይቀራል። ያ ማለት አሲዳማ ቦታ ነው። ጣጣው ታዲያ የክፍተቱ መጥበብ ብቻ አይደለም። ያ አሲዳማ ቦታ ፖሊኢትሊኑንም እንዲበላሽ ያፋጥነዋል። ቢጫው ቀለም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የመለጠጥ መውረዱም በከፊል ከዚሁ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሚክሰሩ 200 ላይ ተቀምጧል ማለት ቅላጩ (የቀለጠው ፖሊመር) 200 ነው ማለት አይደለም። ወፍራም ፖሊመር ሲታሽ ራሱ ይሞቃል፤ ከተቀመጠው 10 ወይም 20 ዲግሪ ከፍ ብሎ ማግኘት የተለመደ ነው። የማሽኑን ቴርሞሜትር አትመኚ። ሚክሰሩን እንዳቆምሽ ቅላጩ ውስጥ ቀጭን ቴርሞካፕል አስገቢና እውነተኛውን ቁጥር እዪው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ሙቀቱን መቀነስ ነው። ኤችዲፒኢ 130 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ማሽንሽ ቶርኩን (የማዞሪያ ጉልበቱን) ከቻለው 160 ወይም 170 ላይ ሥሪ። ይህ ሰርፋክታንቱን ከማዳኑም ሌላ ጥቅም አለው። ቅላጩ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ሲወፍር ክምሩን የሚሰብረው የሺር (ወደ ጎን የሚያንሸራትት) ጫና ይጨምራል። አንዳንዶች "ሙቀት ቢጨምር ሰንሰለቱ ቶሎ ይገባል" ይላሉ፤ በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ልክ ናቸው። ፖሊኢትሊን ላይ ግን በዚያ የምታገኚውን በመበስበሱ ታጪዋለሽ።

የመበታተኑ ሂደት ሁለት ደረጃ አለው፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ብዙ ልፋት ያድናል። መጀመሪያ ትልልቁ ክምር በሺር ጉልበት ይሰበራል። የመጫወቻ ካርታ ክምርን መዳፍሽ መሃል አድርገሽ ወደ ጎን ስትገፊው እንደሚንሸራተተው ማለት ነው። ቀጥሎ ሰንሰለቶቹ ከጠርዝ እየገቡ የላይኛውን ንጣፍ ከፍ ያደርጉታል፤ ቅላጩ ሲጎትተው አንድ አንድ እያለ ይላጣል። የመጀመሪያው ጉልበት ይፈልጋል። ሁለተኛው ጊዜና መግባባት ይፈልጋል። አስማሚ የሚያግዘው በዋናነት ሁለተኛውን ነው። አንቺ ጉልበቱን በከፍተኛ ሙቀት አሳንሰሽ፣ መግባባቱን በትንሽ አስማሚ አሳንሰሽ፣ ጊዜውን ብቻ አበዛሽው። 15 ደቂቃ በ200 ዲግሪ የሚጠቅመው መበስበሱን ነው።

አሁን ስለ መጠን። እስቲ 100 ግራም ውህድ እንያዝ። 5 ግራም ኦርጋኖክሌይ ስትጨምሪ ሙሉው ማዕድን አይደለም። እንዲህ ዓይነት ክሌይ 38 በመቶ ገደማው ኦርጋኒክ ነው፤ የሚቀረው ማዕድን 3.1 ግራም ነው። የሞንትሞሪሎናይት ንጣፎች ሙሉ በሙሉ ቢገለጡ በአንድ ግራም 750 ካሬ ሜትር አካባቢ ገጽ አላቸው። 3.1 ግራም ማለት ከ2300 ካሬ ሜትር በላይ ነው! በዚህ ፊት ያቆምሽው 5 ግራም አስማሚ ነው፤ በውስጡ ያለው ማሌይክ 0.05 ግራም ብቻ። በሞል ካሰላሽው ግማሽ ሚሊሞል ገደማ ይሆናል። ሰርፋክታንቱ ግን ወደ 3 ሚሊሞል ይጠጋል። ስለዚህ ለስድስት የሰርፋክታንት አየን አንድ ማሌይክ እንኳ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። ማሌይኩ የሚያያዘው ከክሌዩ ጋር እንጂ ከሰርፋክታንቱ ጋር ስላልሆነ ይህን እንደ ኬሚካል ሚዛን አትውሰጂው፤ ነገር ግን ምን ያህል እንዳነሰ በደንብ ያሳያል።

ከዚህ ተነስተሽ የአስማሚና የክሌይ ንጽጽር ብለሽ አስቢ እንጂ አስማሚውን ከጠቅላላው ስንት በመቶ ነው ብለሽ አታስቢ። የተለመደው ክልል ለአንድ እጅ ኦርጋኖክሌይ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ አስማሚ ነው። አንቺ አንድ ለአንድ ላይ ነሽ፤ የታችኛው ጫፍ ነው። ሁለት ለአንድንና ሦስት ለአንድን ሞክሪ። ማለትም 10 እና 15 በመቶ። ከዚያ በላይ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ በክሌዩ መበተን የምታገኚውን ግትርነት አስማሚው ራሱ ይበላብሻል፤ የተተከለበት ፖሊኢትሊን ከኤችዲፒኢሽ የለሰለሰ ስለሚሆን። 20 ያልሽው እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

ግን ቁጥሩን ከማስተካከልሽ በፊት ቅደም ተከተሉን አስተካክዪ። ማስተርባች ሥሪ። አስማሚውንና ክሌዩን ብቻቸውን መጀመሪያ አዋህጃቸው፦ 75 እጅ አስማሚ፣ 25 እጅ ኦርጋኖክሌይ። አስማሚው ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥና ቶርኩ ሲረጋጋ ክሌዩን በሦስት በአራት ዙር ጨምሪ፤ ባንዴ ከጫንሽው ዱቄቱ ሳይርስ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀ ክሌይ ደግሞ ኋላ የሚፈታው የለም። ከዚያ ይህን ማስተርባች 20 እጅ ወስደሽ ከ80 እጅ ኤችዲፒኢ ጋር አዋህጂ። ሒሳቡ 5 በመቶ ክሌይና 15 በመቶ አስማሚ ይሰጥሻል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁሉን ባንዴ ስትጨምሪ አስማሚው 90 እጅ በሆነው ኤችዲፒኢ ውስጥ ይሟሟል፤ ክሌዩን የሚያገኘው በዕድል ነው። በማስተርባች ግን ክሌዩ ከአስማሚው ሌላ የሚነካው ነገር የለም። በተጨማሪ 25 በመቶ ክሌይ የያዘ ቅላጭ በጣም ወፍራም ስለሆነ የሺር ጫናው ከፍ ይላል። ሁለቱም ደረጃ ባንድ ቦታ ይታገዛሉ።

ትዊን ስክሩ ኤክስትሩደር የምታገኚ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ። ክሌዩን ከላይ ከደረቅ እንክብል ጋር አትጨምሪው፤ ፖሊመሩ ከቀለጠ በኋላ በጎን መጋቢ አስገቢው። ስክሩን ደግሞ በከባድ ማቡኪያ ብሎኮች መሙላት ብልህነት አይደለም። መጠነኛ ሺርና በቂ የቆይታ ጊዜ ከጭካኔ የበለጠ ይሠራል። ከመጠን ያለፈ ሺር ንጣፎቹን ይሰባብራቸዋል፤ ስፋታቸውን ሲያጡ ጥቅማቸውም ይሄዳል።

የአስማሚው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ሦስት ነገር እዪ። አንደኛ፣ መሠረቱ ምን ዓይነት ፖሊኢትሊን ነው? ለኤችዲፒኢ በኤችዲፒኢ ላይ የተተከለ አስማሚ ፈልጊ፤ ኤልኤልዲፒኢ (አጫጭር ቅርንጫፍ ያለው ዝቅተኛ ጥግግት ፖሊኢትሊን) ላይ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ የኤልኤልዲፒኢውን። ቅርንጫፍ የበዛበት አስማሚ ከኤችዲፒኢ ጋር አብሮ ክሪስታል ለመሥራት ይቸገራል። ሁለተኛ፣ የፍሰት መጠኑ (ሜልት ኢንዴክስ) ስንት ነው? በጣም ቀጭን፣ ሰም መሰል አስማሚ ወደ ክፍተቱ ቶሎ ይገባል፤ ኤክስአርዲው ያምራል። ነገር ግን ቅላጩን ያቀጥነዋልና ክምሩን የሚሰብር ጫና አይኖርም፤ ሲጠናቀቅም ንጣፍና ፖሊመርን የሚያያይዘው ሰንሰለት አጭር ስለሆነ ጥንካሬ አይሰጥም። ከኤችዲፒኢሽ ብዙም ያልራቀ ቪስኮሲቲ (የቅላጭ ውፍረት) ያለው ይሻላል። ሦስተኛ፣ ፖሊፕሮፒሊን ላይ የተጻፈውን ምክር ዝም ብለሽ እንዳትገለብጪ። ፖሊፕሮፒሊን ላይ ማሌይክ በፐሮክሳይድ ሲተከል ሰንሰለቱ ይቆራረጣል፤ ብዙ ማሌይክ ያለው አስማሚ ቀጭን ይሆናል። ፖሊኢትሊን ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ መተሳሰር ይወዳሉ፣ አስማሚው ይወፍራል፣ አንዳንዴም ጄል ይይዛል። ጄሉ ፊልም ላይ የክሌይ ጓል መስሎ ያሳስታል። ስለዚህ አስማሚውን ብቻውን ቀጭን ፊልም አድርገሽ በብርሃን ፊት እዪው።

እርጥበቱንም እንዳትረሺ። መጋዘን ውስጥ ተከፍቶ የከረመ አስማሚ አንሃይድራይዱ ወደ አሲድ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በኢንፍራሬድ ማየት ቀላል ነው፦ አንሃይድራይዱ 1785 አካባቢ፣ አሲዱ 1710 አካባቢ (በሞገድ ቁጥር፣ cm⁻¹) ይታያል። አሲዱም ከክሌይ ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ዋናው ሁሌም አንድ ዓይነት ዕቃ ይዘሽ መሥራትሽ ነው፤ ዛሬ አሲድ፣ ነገ አንሃይድራይድ ከሆነ ውጤትሽ አይደገምም። ክሌዩንም በቫክዩም በ80 ዲግሪ አሳድሪው።

ኢቪኤውስ? ይሠራል፣ በተለይ ኤልዲፒኢ (ዝቅተኛ ጥግግት ያለው ፖሊኢትሊን) ላይ። ከክሌይ ጋር በደንብ ይስማማል። ግን ኤችዲፒኢን ያለሰልሰዋል፤ የቪኒል አሲቴቱ መጠን ሲጨምርም ከኤችዲፒኢ ጋር መግባባቱ ይቀንሳል። ግትርነትን ፈልገሽ ከሆነ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ለተለጣጭ ፊልም ከሆነ አስቢበት። አዮኖመርም አለ፤ የኢትሊንና የሜታክሪሊክ አሲድ ኮፖሊመር፣ የአሲዱ ሃይድሮጅን በከፊል በዚንክ ወይም በሶዲየም ተተክቶ። ክሌይን በመበተን ከተራ ፖሊኢትሊን እጅግ የተሻለ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ መሞከሩ አይከፋም።

ሰርፋክታንትሽን አትቀይሪ። ሁለት ጭራ ያለው ለፖሊኢትሊን ልክ ነው። ናይለን ላይ አንድ ጭራ ይሻላል፤ የናይለን ሰንሰለት ባዶውን የክሌይ ገጽ መንካት ስለሚፈልግ። ፖሊኢትሊን ግን ያንን ገጽ አይወደውም፣ በተሸፈነለት ቁጥር ይሻለዋል። ሃይድሮክሲል የያዘውን ሰርፋክታንት "የበለጠ ይያያዛል" ብለው ሊሸጡልሽ ቢሞክሩ እምቢ በዪ፤ እሱ ለዋልታዊ ፖሊመር ነው።

አንቲኦክሲዳንት ማስተርባቹ ላይ ጨምሪ፤ ፌኖሊክና ፎስፋይት በጋራ። ክሌዩ ገጹ ላይ የተወሰነውን ስለሚይዝብሽ ከለመድሽው ጥቂት ከፍ አድርጊው። የኤችዲፒኢሽ ግሬድ ካልሲየም ስቴሬት ካለበትም እወቂው፤ ከማሌይኩ ጋር ሊሻማ ይችላል።

ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልለምንሽ። ክሌይ የሌለበት መነጻጸሪያ ሥሪ። ኤችዲፒኢና 15 በመቶ አስማሚ ብቻ፣ በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ጊዜ የታሸ። ብዙ ጥናት ውሃ የማያነሳው እዚህ ላይ ነው። ውህዱን ከንጹህ ኤችዲፒኢ ጋር ብቻ ካነጻጸርሽ አስማሚው ያመጣውን ለውጥ ለክሌዩ ትሰጪዋለሽ፣ ወይም በተቃራኒው ክሌዩ የጨመረውን አስማሚው ስለቀነሰው "ምንም አልሠራም" ትያለሽ። ያንቺ ግትርነት ትንሽ ብቻ የጨመረው ከዚህ ሊሆን ይችላል። ክሪስታልነትንም በዲኤስሲ (ናሙናው ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት በሚለካው መሣሪያ) ስትለኪ የክሌዩን ክብደት ቀንሰሽ አስዪ፤ ለ100 በመቶ ክሪስታል የሚወሰደው 293 ጁል በግራም ነው።

ኤክስአርዲን ብቻ ይዘሽ "ተበትኗል" እንዳትዪ። ጫፉ ቢጠፋም ላይበተን ይችላል። ክምሮቹ ሥርዓታቸውን ስላጡ ብቻ ጫፍ ይጠፋል፤ ክሌዩ ስላነሰም ይጠፋል፤ ክፍተቱ በጣም ሰፍቶ ጨረሩ አጠገብ ያለው ጥላ ውስጥ ስለገባም ይጠፋል። በፕሬስ የተጫነ ፊልም ላይ ንጣፎቹ ከፊልሙ ጋር ተኝተው ስለሚሰለፉ ጫፉ ይጎላል፤ ከዱቄት ናሙና ጋር አታነጻጽሪው። ቲኢኤም (ትራንስሚሽን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ያስፈልጋል፤ በትንሹም በትልቁም ማጉሊያ። በትልቁ ማጉሊያ ብቻ የተነሳ አንድ የሚያምር ፎቶ የተመረጠ ቦታ ነው።

ቲኢኤም ውድ ስለሆነ ግን በየቀኑ የሚያገለግልሽ ሪዮሎጂ (የቅላጩ አፈሳሰስ ልኬት) ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሙሉውን ናሙና ያያል። በ190 ዲግሪ፣ በናይትሮጅን ውስጥ፣ በትይዩ ሳህን የፍሪኩዌንሲ ልኬት አድርጊ፤ ወደ 0.01 ራዲያን በሰከንድ ድረስ ውረጂ። ከዚያ በፊት ስትሬን ስዊፕ (የመወዛወዙን ስፋት ቀስ በቀስ የሚጨምር ልኬት) ሠርተሽ ሊኒየር ክልሉን፣ ማለትም ልኬቱ ናሙናውን የማያውክበትን፣ እወቂ፤ ክሌይ ሲገባ ክልሉ ይጠብባል። ክሌዩ በደንብ ከተበተነ ንጣፎቹ እርስ በርስ መረብ ይሠራሉ። ስቶሬጅ ሞዱለሱ (ቅላጩ እንደ ጠጣር የሚመልሰው ግትርነት) በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ መውረዱን ትቶ ጠፍጠፍ ይላል፤ ቪስኮሲቲውም ወደ ታች ፍሪኩዌንሲ ሲኬድ መውጣቱን አያቆምም። ከክሌይ አልባው መነጻጸሪያ ጋር አንድ ግራፍ ላይ ሳዪው። ሁለቱ መስመሮች በዝቅተኛው ጫፍ ካልተለያዩ፣ ኤክስአርዲው የፈለገውን ቢል ክሌይሽ አልተበተነም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ርካሹን ፈተና አድርጊ። ቀጭን ፊልም ተጭነሽ በተራ ማይክሮስኮፕ እዪው። በዓይን የሚታይ ጓል ካለ ኤክስአርዲም ቲኢኤምም ገና አያስፈልግም። የመለጠጥሽ መውረድም በአብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ጓሎች ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ከውህዱ ትንሽ አቃጥለሽ አመዱን መመዘኑም ግዴታ ነው። 5 በመቶ ጨመርኩ ያልሽው 3.1 አመድ መስጠት አለበት፤ 2 ከሰጠ የቀረው ሆፐሩ ወይም የሚክሰሩ ግድግዳ ላይ ነው።

የምትጠብቂውንም በልኩ አድርጊው። ዓላማሽ ጋዝ መከላከል ከሆነ የኒልሰንን የ1967 ቀመር ወስደሽ አስዪ። በክብደት 3.1 በመቶ የሆነው ማዕድን በቮሊዩም ሲሰላ 1.1 በመቶ አካባቢ ነው። ንጣፎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው ስፋታቸው የውፍረታቸው 100 እጥፍ ከሆነና ከፊልሙ ጋር ከተሰለፉ፣ ጋዝ ማሳለፉ ክሌይ ከሌለበት ፖሊመር ወደ 64 በመቶው ይወርዳል። አሥር አሥር ሆነው ከተከመሩ ግን ንጽጽሩ ወደ 10 ይወርዳል፤ ጋዝ ማሳለፉም 94 በመቶ ላይ ይቀራል። ያው ክሌይ፣ ያው መጠን ነው። ፖሊኢትሊን ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጠላ ንጣፍ ማግኘት ብርቅ ነው፤ በጥሩ ሥራ የምታገኚው ነጠላና ጥቂት ንጣፍ ያላቸው ትንንሽ ክምሮች ድብልቅ ነው። እሱም መጥፎ አይደለም።

በዚህ ሳምንት አራት ውህድ ብቻ ሥሪ። ንጹህ ኤችዲፒኢ፤ ኤችዲፒኢ ከ15 በመቶ አስማሚ ጋር፤ የድሮው ሁሉን ባንዴ የሚጨምረው ዘዴ ግን በ165 ዲግሪና በሦስት ለአንድ፤ ማስተርባቹ በዚያው ሙቀትና በዚያው ንጽጽር። አጠቃላይ የመታሻ ጊዜያቸው እኩል ይሁን። የ6.2 ጉብታ ሦስተኛው ላይ ከጠፋች ጥፋተኛው ሙቀቱ ነበር። ሪዮሎጂው ሦስተኛውንና አራተኛውን ከለየ ቅደም ተከተሉ ነበር። ጉብታዋ 165 ላይም አልጠፋ ካለች ክሌዩን ራሱን፣ ምንም ሳይታሽ፣ ቲጂኤ (ሲሞቅ የሚቀንሰውን ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ላይ አስገቢው፤ መበስበስ የሚጀምርበትን ሙቀት ካየሽ በኋላ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ክሌይ ይሆናል።